በመጋረጃ ጠርዝ የተሰፋው መንጃ ፈቃድ

መስካሪ፦ ልብስ ሰፊ፣ በሰፈር መጠሪያዋ «መቀሷ»
ዕድሜ፦ 44
አድራሻ፦ ከዳቦ ፋብሪካው ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ፣ ምድር ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20
ጉዳዩ፦ ባለቤቷ በሐሰት «መንጃ ፈቃዴ ጠፍቷል» ብሏል ስለ መባሉ

ተጠርጣሪው የዳቦ ፋብሪካው ሾፌር፣ ባለቤቴ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። የዛሬ ዓመት ከሁለት ሳምንት ገደማ ጠጥቶ ሲያሽከረክር በመያዙ ጥፋተኛ ተብሎ ለአንድ ዓመት እንዳይነዳ ታገደ። በማግስቱ ጠዋት መንጃ ፈቃዱን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ በሳሎኑ መጋረጃ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። ይህን ያደረግኩት እንዳይነዳ ነው። ባለቤቴ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብሎ ከተማውን ሲዞር የሚውል ሰው መሆኑን የማያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን አተራመሰው። ፍራሽ ገለበጠ፣ የክር ሳጥኔን ደፋ። ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው «አንቺን አይመለከትሽም» አለኝ። ሊነዳ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ለካ፣ ትናንት ገና እንደሰማሁት፣ የሚፈልገው ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሊያስረክበው ኖሯል። የታገደ ሰው ፈቃዱን በአሥር ቀን ውስጥ ማስረከብ አለበት፤ የእገዳው ዓመት የሚቆጠረውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እሱም ሲያጣው ጠፍቶብኛል ብሎ ፈረመና ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተቆጠረለት። ይህን ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በአንድ አልጋ እየተኛን እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ዓመቱን ሙሉ ዳቦና ዱቄት ሲጭንና ሲያወርድ ከረመ፤ መሪ አልነካም።

ትናንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እገዳው ማለቁን ቆጥሬ፣ ደስ እንዲለው ብዬ ጠርዙን ተረተርኩና ፈቃዱን ራሴ ቢሮው ወሰድኩት። የመስኮት ሁለት ሠራተኛዋ ካርዱን አየች፣ ፋይሉን አየች፣ እኔን አየች። «እናቴ፣ ይሄ እኮ ጠፍቷል» አለችኝ። «ይኸው፣ አልጠፋም» አልኳት። ከዚህ የበለጠ የቂል ንግግር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። 6 ሰዓት ላይ ባለቤቴን ከነዱቄቱ ከፋብሪካው ወሰዱት።

ሠራተኛዋ እንዳስረዳችኝ፣ በሐሰት መግለጫ ከተፈረደበት ያለፈው ዓመት አይያዝለትም፤ ሁለተኛ ጥፋት ስለሚሆንም አምስት ዓመት ፈቃድ አያገኝም። አምስት ዓመት ጆንያ ሊሸከም ነው፤ ወገቡ ደግሞ ከአሁኑ አልቋል። ፈቃዱ የት እንደነበረ ባለቤቴ አያውቅም። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ሰነድ በመደበቅ የተፈረደበት ሰው አዲስ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ዓመት እንደሚጠብቅ መርማሪው ነግሮኛል። እኔም በዚህ መሃል፣ ለእሱም ሳልነግር፣ መንዳት ስማር ከርሜ የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ፤ የተግባሩ የፊታችን ሐሙስ ነው። መርማሪው ደግ ሰው ነው። «ሳያስቡት ጨርቁ ውስጥ ገብቶ አብሮ ተሰፍቶ ይሆናል፤ እንደዚያ ልጻፈው?» አለኝ። አይሆንም አልኩ። እኔ ሸፋፍኜ ብናገር ጥርጣሬው እሱ ላይ ይወድቃል። በእጄ፣ በድርብ ክር ነው የሰፋሁት። አስቤ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ ያልኩት ሳይጨመር ሳይቀነስ መስፈሩን፣ እውነት መሆኑንም አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የመስካሪዋ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________