አንድ ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ የተጠቀሰው ስህተት

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች፤ ይህ በታላቅ እኅታቸው ተጽፎ በራሷ አንደበት የሚነበብ የፕሮፌሰሩ የሕይወት ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲው አዘጋጅቶ የላከው አምስት ገጽ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ጎን ተደርጓል። ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሌላ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነክሩ ከጎናቸው የማይጠፉ፣ ለምን እንደሚጮኽ ጠይቀው የማይጠግቡ ሕፃን ነበሩ፤ ይህ እውነት ነውና አይነፈጋቸውም። ትምህርት ቤት ገብተው አንደኛ በወጡ ቁጥር ግን፣ ሁለተኛ የወጣው ማን እንደሆነና በስንት ነጥብ እንደተበለጠ ሳያጣሩ ምሳ አይበሉም ነበርና፣ እናታቸው «ለዚህ ልጅ ከራስ በላይ ነፋስ ነው» ይሉ ነበር።

የምሕንድስና ትምህርታቸውን በከፍተኛ ማዕረግ አጠናቀው በዩኒቨርሲቲው መምህርነት እንደተቀጠሩ፣ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ የሙከራ ክፍል ይሠሩ የነበሩትን የላቦራቶሪ ባለሙያ አገቡ። ባልና ሚስት አንድ ክረምት ሙሉ፣ ውሃ በሚያልፍበት የጋለ ቧንቧ ላይ ስምንት የሙቀት መለኪያ ገመዶች በይደው፣ እሳቸው ውሃውን እየከፈቱና እየዘጉ፣ ባለቤታቸው በእርሳስ እየመዘገቡ የደረሱበትን ቀመር በሁለቱም ስም ለኅትመት ላኩት። ጽሑፉ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ባለቤታቸው ስምንተኛው ገመድ ከቧንቧው ተላቅቆ ቧንቧው የተሸፈነበትን መጠቅለያ ሙቀት ሲለካ እንደከረመ ደርሰውበት ቢነግሯቸው፣ ፕሮፌሰሩ «ስምንት ብለን ጽፈናል፣ ስምንት ነው» ብለው ዘጉት። ቀመሩም ውሃው ከቧንቧው የሚወስደውን ሙቀት አሥራ ስምንት በመቶ ያህል አጋንኖ ስለሚያሳይ፣ በእሱ ተማምነው ማቀዝቀዣ ያሠሩ ፋብሪካዎች ሥራው በጠናባቸው ቁጥር ማቀዝቀዣው ያንሳቸው ጀመር።

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጽሑፎች አሳተሙ። ግማሾቹ አንዱን ሥራ አራት ቦታ ከፍለው ያወጧቸው፣ የቀሩትም ተማሪ ሲደክምባቸው ከርሞ የእሳቸው ስም ቀድሞ የተጻፈባቸው ናቸው። ያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ ተጠቅሶላቸዋል። ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ኮምፒውተር ከፍተው ያን ቁጥር ስለሚያዩ፣ ተማሪዎቻቸው በስውር «ጋሼ ስንት ደረሰ» ይሏቸው ነበር። ከጠቀሷቸው ብዙዎቹ «እኛ ስንለካው አልገጠመልንም» የሚሉ ቢሆኑም፣ ቆጣሪው የሚነቅፈውንና የሚያመሰግነውን ስለማይለይ እሳቸውም አልለዩም።

አንዲት ልጃቸው የአባቷን ሙያ ወድዳ፣ ለዶክትሬቷ ያንኑ ሙከራ በአዲስ ቧንቧ ደግማ፣ አራት ዓመት ብትለካ አራት ዓመት ሙሉ ውጤቷ ከአባቷ ቀመር አሥራ ስምንት በመቶ ዝቅ አለ። ደብተሯን ይዛ ወደ አባቷ ቀረበች። ፕሮፌሰሩም በፈተናዋ ቀን ዐይናቸውን በጨው ታጥበው ፈታኞቿ ፊት ቆሙና «ልጄ ናት፣ ግን መለካት አትችልም» አሉ። ፈታኞቹም ሁሉም የእሳቸው ተማሪ የነበሩ በመሆናቸው ጣሏት። እናቷ የዚያን ቀን እውነቱን እያወቁ ቤታቸው ተቀምጠው ዝም አሉ፤ ይህም እዚህ ይነበብ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ልጅቱ ዛሬ በየሰው ቤት የውሃ ማሞቂያ ትገጥማለች፤ ቀዘቀዘብኝ ብሎ የተመለሰባት ደንበኛ የለም።

ፕሮፌሰሩ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተዋል። የወለደ አንጀት ምናልባት ይራራ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ ልጃቸው ለጽሑፉ አሳታሚ የሚላክ አንድ ገጽ የእርማት ደብዳቤ ይዛላቸው ሄደች። የፈለገችው ፊርማ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ የጎደለች አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምረው፣ «ይህ ሲወጣ ቁጥሩ ይቀንሳል?» ብለው ጠየቋት። «አላውቅም፣ አባዬ» ስትላቸው «እንግዲያው ሲሻለኝ» ብለው መለሱላት። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ።

ፕሮፌሰሩ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ይህን የምታነበውን እኅታቸውን ትተው አልፈዋል። በዚያ ጽሑፍ ላይ ስማቸው ሁለተኛ ሆኖ የሰፈረው ባለቤታቸው፣ ከሁለቱ ጸሐፊዎች የአንዳቸው ፊርማ እንደሚበቃ አሳታሚውን ጠይቀው በመረዳታቸው፣ ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ደብዳቤውን ፈርመው ልከዋል። ስህተቱን ለክታ ያገኘችው ልጃቸው መሆኗም በስሟ ተጽፏል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ሳይፈርሙ መቅረታቸውንም ይቅር ይበልላቸው። እኛም ይቅር እንድንላቸው ዕድሜ ይስጠን፤ ዛሬ አልቻልንም።