የማላሚያው ክፍል ብናኝ

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ይህን ግቢ የሞላችሁት ዘመድ ወዳጆች፣ አሁን የሚነበብላችሁ በድንጋይ መፍጫ ፋብሪካው አርባ ዓመት የሠሩት፣ ሁላችሁም «ባለጣቱ» እያላችሁ የምትጠሯቸው ሰው ዜና ሕይወት ነው። የጻፈውም የሚያነበውም ታናሽ ወንድማቸው ነው። ባለቤታቸው «ካንተ በላይ እሱን የሚያውቅ የለም» ብለው ስላዘዙት፣ የሚያውቀውን ሁሉ ጽፏል።

ባለጣቱ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ በሕፃንነታቸው የማያስቸግሩ፣ ከፍ ሲሉም የማይቆጡ፣ ጎረቤት ሁሉ ልጁን ሲገሥጽ በምሳሌነት የሚጠራቸው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተወለደ። እናታቸው ቤት እንግዳ ሲመጣ ታላቁን በስማቸው ጠርተው ካስተዋወቁ በኋላ ታናሹን «ይኼ ደግሞ የሱ ወንድም ነው» ይሉ ነበር፤ ክፋት አስበው እንዳልነበረ እሱም ያውቃል፣ ቢሆንም ቃሉ ከጆሮው አልወጣም።

በትምህርታቸው ከዓመት ዓመት አንደኛ ሲወጡ ቆይተው አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ደብተራቸውን አስቀምጠው ፋብሪካ ገቡ፣ ታናሻቸውንም አስተማሩ። ታናሹ ኮሌጅ ጨርሶ ሲመለስ አገር ምድሩ ያመሰገነው ያስተማሩትን እንጂ የተማረውን አልነበረም። ይህ ተገቢ ነው፤ ተገቢ መሆኑ ግን ቅናቱን አላቀለለለትም።

ፋብሪካው ለሳህንና ለመታጠቢያ ገንዳ መሥሪያ የሚሆን ነጭ ድንጋይ የሚፈጭ ሲሆን፣ ባለጣቱ የተመደቡት ዱቄቱ ለመጨረሻ ጊዜ ተፈጭቶ በሚልምበት በማላሚያው ክፍል ነበር። ከወፍጮው አፍ ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል፤ ከዚያ ለጥርሳቸው ያቀምሱታል፤ ካንኮሻኮሸ ገና ነው፣ ካልተሰማቸው ደርሷል። ታናሽ ወንድማቸው የቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆኖ እዚያው ሲቀጠር፣ ከቀጫጭን ሽቦ የተሠሩ ወንፊቶቹን ደርድሮ አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳቱ ለማየት ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቀ፤ አልተሳሳቱም። ሠራተኛው «ወንድምህ በጣት የጨረሰውን አንተ በመሣሪያ ትደግመዋለህ» እያለ ሲቀልድበት፣ እሱም አብሮ ይስቅና ወንፊቶቹን እንደገና ይደረድር ነበር።

በዚያው ዘመን በመዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። አስቀድሞ ያያቸውና ስለ መልካምነታቸው ለታላቁ ያወራው ታናሽ ወንድማቸው እንደ ነበር ዛሬ ማንም አያስታውስም፤ እሱ ያስታውሳል። ሚዜ ሆኖ ቆመ፣ አጨበጨበ። በትዳራቸውም ሦስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ ሦስቱም በጠባይ በአባታቸው ወጥተዋል።

ባለጣቱ ስለ ብናኝ ያላቸው እውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ወፍጮዎቹ ከቆሙ በኋላ በክፍሉ ያለውን ጥቁር ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ይሄዱና፣ ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ባልደረቦቻቸውን ጠርተው በጣታቸው ቢጽፉበት ጽሕፈቱ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። «ትልቁ አቧራ የዋህ ነው፤ ይታያል፣ ቶሎ ይወድቃል፣ አፍንጫም ይይዘዋል። ክፉው ያ የማይታየው ነው፤ እሑድን ሙሉ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይውላል፣ ከገባም ማረፊያው ሳንባ ሥር ነው» ይሉ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፋብሪካው አንድ አቧራ መምጠጫ ለማስገባት ወስኖ፣ ለማሸጊያው ክፍል ይሁን ለማላሚያው የሚለው በልኬት እንዲታወቅ ታዘዘ። በስብሰባው ላይ ባለጣቱ የጠረጴዛውን ነገር ሲያስረዱ አዳራሹ አጨበጨበላቸው፤ ሥራ አስኪያጁም ጨብጠዋቸው ሲያበቁ ወደ ቤተ ሙከራ ኃላፊው ዞር ብለው «አንተ የሳቸው ወንድም ነህ?» አሉት።

ለካው። አየር የሚስበውን መሣሪያ በየክፍሉ ሰቅሎ፣ በማጣሪያው ወረቀት ላይ የቀረውን መዘነ። ትልቁን አቧራ ለይቶ የሚጥል፣ ሳንባ የሚደርሰውን ደቃቁን ብቻ የሚያስገባ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ከመሣሪያው ጋር መጥታ ነበር፤ ታላቁ ልክ መሆናቸውን እንደምታሳይ ስላወቀ መሳቢያው ውስጥ ተዋት። ማሸጊያው ክፍል ትልልቁ አቧራ ስለሚቦንበት ሚዛን ደፋ፤ ማላሚያው ቀለለ። ሚዛኑ አልተነካም፣ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ እውነት ነበር፣ መምጠጫውም ለማሸጊያው ተሰጠ። ባልደረቦቻቸው ሲያጉረመርሙ ዝም ያሰኟቸው ባለጣቱ ራሳቸው ናቸው፤ «ወንድሜ ከለካው ልክ ነው፤ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አሏቸው።

ከአራት ዓመት ወዲህ ሳል ጀመራቸው፣ ኋላም ደረጃ መውጣት፣ ከዚያም ጫማ ማሰር አቃታቸው። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቀውን ሰው ሐኪሙ «የሚሠሩበት ቦታ ብናኝ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ወንድሜ ለክቶታል፣ ንጹሕ ነው» ብለው መለሱ። ወንድማቸው ራስጌያቸው ቆሞ ነበር። በዚያች ሰዓት እንኳ የቀናው በዚያ እምነታቸው ነው፤ እሱ በሕይወቱ ማንንም እንደዚያ አምኖ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ያቺን ቁራጭ ገጥሞ ማላሚያውን እንደገና ለካ። ደቃቁ ብናኝ ከተፈቀደው መጠን ስድስት እጥፍ ነው። ሥራ አስኪያጁም በዚያ ክፍል አሁንም የሚሠሩት አራቱ ባልደረቦቻቸውም እዚህ ስለተቀመጡ፣ በሁላችሁም ፊት ተነቧል። ለባለጣቱ ለመንገር ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ልጆቹ ትምህርት አውርቶ ተመለሰ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ በሕይወት አልደረሰባቸውም። ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ ለእሱ ይህን ያህል ሰው እንደማይመጣ አሰበ። ይህም ይጻፍ ብሎ ጻፈው።

ባለጣቱ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉ ሲሆን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ከሰኞ ጀምሮ መምጠጫ እስኪገባ ወደዚያ ክፍል መግባት የማይገባቸውን አራት ባልደረቦቻቸውን ትተው ሄደዋል። አንድ ወንድምም ነበራቸው፤ ከቤተሰቡ ይቆጠር አይቆጠር፣ ይህን አሁን ከእናንተ ጋር እኩል የሰሙት ባለቤታቸው ይፈርዳሉ። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለአራቱም ዕድሜን ይስጥልን።