ያለ ፍርድ የተነዱ በሬዎች

ከወፍጮ ቤት ስመለስ ድልድዩ ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንዱ ሙኒዮ ነው፤ እኔ በምቀድስባት በዚህች የሊዮን ንጉሥ ግዛት መንደር በዕድሜ የሚበልጠው የለም። ሌላው የእህቱ ልጅ ፍሮይላ ነው፤ ከተማ፣ ከጳጳሱ ትምህርት ቤት ተምሮ ገና መመለሱ ነው።

«አባ፣ እንኳን መጡ» አለኝ ፍሮይላ። «የንጉሡ ሹም ጉቲየሬ ትናንት የአጎቴን ጥማድ በሬዎች ነድቶ ወሰደ። ሌባ አሳድረሃል ብሎ። ማን መሰከረ? ማን ፈረደ? ማንም።»

«እና ምን ላድርግ?» አለ ሙኒዮ። «ንጉሥ ነው። መሬቱም የሱ፣ በሬውም የሱ፣ እኔም የሱ።»

«የሱ ከሆነ በሬውን እርስዎ ለምን ቀለቡት?»

«አንተ ልጅ፣ ላቲን ሲያስተምሩህ አፍ መዝጋት ረስተውብሃል።»

«ረስተዋል። ንጉሡ ራሱ በጳጳሳቱና በከተማው ሰዎች ፊት ምሏል እኮ፤ ያለ ፍርድ የማንም ንብረት አይነካም፣ የነካ እጥፍ ይመልሳል ብሎ። አባ የመሐላውን ጽሑፍ በቤተ ክርስቲያን ሲያነቡት እርስዎም ቆመው ሰምተዋል።»

«ሰማሁ። አባቴ አሳማዬን አትወስዱም ቢል በጅራፍ ገርፈው ጥርሱን አረገፉት። እስኪሞት ድረስ ዳቦውን በሾርባ እየነከረ ኖረ። እኔ የማውቀው የንጉሥ ቃል እሱ ነው።»

ንዴቴ ያኔ መጣ። የተናደድኩት በሽማግሌው አልነበረም። እርሻ ደርሶ ሳለ የገበሬ በሬ መንዳት ቤተሰቡን በረሃብ መግደል ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ በየእሁዱ ከፊቴ ተንበርክኮ የሚቆርብ ሰው ነው።

«ሙኒዮ» አልኩት፣ «ለአባትህ የሚጮኽለት ሕግ አልነበረም። ዛሬ አለ። ተበዳዩ ዝም ካለ ግን ለጉቲየሬ ሕጉ እንደሌለ ነው።»

«ዞር ብለው መንደሩን ይዩት» አለ ፍሮይላ። «አዲስ ወይን የተከለ አለ? ጎተራ የጨመረ አለ? ደህና ጥጃ ያለው ሰው ጫካ ወስዶ ይደብቃል። ይህን ድህነት እግዜር አልላከብንም፤ ፍርሃታችን ያመጣው ነው።»

ሙኒዮ ዞር ብሎ መንደሩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«የበሬዎቹስ ይሁን። ሚስቴ ፊት ሌባ አሳዳሪ አለኝ።»

«ታዲያ ይህንን ለዳኛው ንገረው» አልኩት።

«ቢገርፉኝስ?»

«እኔም አጠገብህ እቆማለሁ፤ አብረው ይግረፉን።»

ዳኛው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሲያስችል ጉቲየሬ ተጠርቶ ጎራዴ የታጠቁ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። ሙኒዮ እኔን ከጎኑ አቁሞ በደሉን ተናገረ።

«የንጉሥ ሹም ነኝ፤ ለገበሬ መልስ አልሰጥም» አለ ጉቲየሬ።

«ለእኔ ስጥ» አለው ዳኛው። «ምስክርህ የታለ?»

ምስክር አልነበረውም። ያን ጊዜ ባሏ የሞተባት ሳንቻ ከሕዝቡ መሃል ተነሥታ «የእኔንም ላም ወስዷል» አለች። ከኋላዋ ሌላ ተነሣ። እስከዚያች ቀን ሁሉም ለየብቻው ይፈራ ነበር።

ዳኛው የሙኒዮ በሬዎች እጥፍ ሆነው እንዲመለሱ፣ የሳንቻም ላም እንዲሁ እንዲመለስ ፈረደ። አንደኛውን በሬ ግን የሹሙ ሰዎች አርደው በልተውት ኖሯል፤ ምትኩንም እጥፉንም ጉቲየሬ ከራሱ በረት አወጣ። እርሻው ስለ ዘገየ የዚያ ዓመት አጃ ሳሳ። ይሁንና በማግስቱ ዓመት ከወንዙ ማዶ ወይን ተተከለ፤ ሳንቻም ጥጃዋን በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር አሰማራች። ሰው የለፋበት ነገር እጁ ላይ እንደሚቆይ ሲያውቅ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ።

ኋላ ጉቲየሬ ከበላዮቹ ሹማምንት ጋር ተጣላና ከሹመቱ ተሻረ። አዲሱ ሹም ወታደሮች ይዞ ቤቱን ሊዘርፍ መጣ። መንደሩ ደስ ብሎት ሊያይ ወጣ። ሙኒዮ ግን ሰዉን በክርኑ እየገፋ አልፎ የጉቲየሬ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ይህን ሰው እጠላዋለሁ» አላቸው። «ዳኛ ሳይፈርድበት ግን ከዚህ ቤት አንዲት ዶሮ አትወጣም።»