ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን አስተማሪ ይጠይቃሉ።

«ልጄ ነገ ከጅዳ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ። ከጅዳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፣ እናቴ።»

«ባሕር አቋርጦ?»

«ባሕር አቋርጦ።»

«ከአዲስ አበባ ከሚሴስ?»

«በመኪና ሰባት ሰዓት።»

«እንግዲያ ለአዲስ አበባ ከከሚሴ ይልቅ ጅዳ ይቀርባል?»

«በሰዓት ከሆነ፣ አዎ።»



«ስድስት ዓመት ሙሉ ‹እማ፣ አገሩ ሩቅ ነው› ስትለኝ ኖረች።»

«ሥራው አላስወጣ ብሏት ይሆናል።»

«ይሁን። ተመልሳ ከሄደች ግን እኔው ምሳዋን እያደረስኩላት እመለሳለሁ።»

እኔ እዚሁ ቅርብ፣ ባቲ ያለችውን እናቴን ካየኋት ስንት ወር እንደሆነኝ በሆዴ ቆጠርኩ።