ለብሎኩ ሁሉ የተከፈተው ኮምፒውተር

«ዘርትሁንዬ፣ ልብሱ ዛሬ ቶሎ ይደርቅልሻል፤ ፀሐይዋ ደግ ናት። አንሶላውን ብቻ ወደዚህ ሳብ አድርጊው፣ ከመኪናው የሚረጨው ውኃ እንዳያገኘው...»

እማማ ደሪቱ ይህን ያሉት ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካቸው ደጃፍ፣ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ነው። ጎረቤታቸው ዘርትሁን ልብስ ታሰጣለች። እዚያው አጠገቧ የሁለተኛው ፎቅ ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ መኪናውን ያጥባል። እማማ ደሪቱ ወደሱ ዞር አላሉም። ለምን ብለው ይዞራሉ? የሚያወሩት ከዘርትሁን ጋር ነው። የልጅ ልጃቸው ቢሊሱማ የሰውዬውን ልጅ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ተብሎ ተመልሷል። ለእሑድ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ሽማግሌዎቹ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ የሚሉት እማማ ደሪቱ መሆናቸውን ደግሞ ሰውዬው አሳምሮ ያውቃል።

«ምን ያለ ዘመን ላይ ደረስን ግን ልጄ! ስንዴ ያጨድኩበት መሬት ላይ ዛሬ ክሬን ቆሞበታል፤ ቴሌቪዥኑም ከቤት ቤት ይሄዳል። አንድ የተማረ ሰው አለ፣ ስሙ ምን ያደርግልሻል... ከሃያ ሁለት ሰፈር ኮምፒውተር ገዝቶ መጣና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ ፎቶው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ። ባለሙያ ልጥራ አላለም፤ ምን በወጣው? በብሎኩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ‹ከዛሬ ጀምሮ የኔን ዋይፋይ የያዘ ሁሉ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ያለውን በየቤቱ ቴሌቪዥን ያያል› አለን። አጨበጨብን። አንቺስ አላጨበጨብሽም? እንዲህ ያለ ቸር ከየት ይገኛል? ሌላው ቢሆን ፊልሙን ሰጥቶ የቀረውን ይቆልፍ ነበር። እሱ ግን በስልኩ የሚቀርጸውን ሳይቀር እዚያው እንዲገባ አድርጎ ወለል አድርጎ ከፈተልን። ይህን ክፈት፣ ያንን ዝጋ ማለት የንፉግ ሥራ ነው...

«ባለፈው ከሳሊተ ምሕረት ስመለስ ቢሊሱማን ‹እስቲ መዝሙር ክፈትልኝ› አልኩት። ከፈተ። ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሰውዬው! ሳሎኑ መሐል፣ ጋቢውን ለብሶ። እኔማ ሰባኪ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ለካስ በስልኩ ራሱን እየቀረጸ ልምምድ ላይ ነው! ሚስቱ ሽማግሌ ሆና ‹ልጃችሁን ለልጃችን› ትላለች፤ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ‹ጉዳዩ ከባድ ነው፤ እናስብበት› ይላል። ስልኩን ያያል፣ አልጣመውም፣ እንደገና። ጋቢውን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። እንግዳ ለመቀበል እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የኛ ሽማግሌዎች ያመጡት መልስ እኮ ራሱ ነው፤ ጉሮሮ መጥረጉ እንኳ አልጎደለም። ጎበዝ ተማሪ እንዲህ ነው።

«ሚስቱ አስተዋይ ናት። ‹አታብዛው፣ ልጁ ሌላ ቢያገኝስ? እንዲህ ያለ አማች ከየት ልናመጣ ነው?› አለችው። እሱስ? ‹አይዞሽ፣ ሦስተኛው ላይ እሺ እላለሁ፤ ቶሎ እሺ ካልን ይንቁናል።› ትሕትናውን አየሽልኝ? ያ ሁሉ መኮፈስ ከልቡ መስሎን ስንፈራው ከረምን፤ ለካስ ደስታውን ነው የደበቀብን!»

የሰውዬው እጅ መኪናው ላይ ቆሟል። የውኃው ጎማ ዝም ብሎ መሬት ላይ ያፈሳል። ዘርትሁን ፊቷን አንሶላው ውስጥ ቀበረች።

«ቆይ፣ ገና ነው። ‹አሮጊቷንስ ምን እናድርጋት?› አለች ሚስት። እሱ ደግሞ ‹ሠርጉ ላይ ፎቶ ስንነሣ ከኋላ እናቆማታለን፤ ከፊት ከሆነች የገበሬ ሠርግ ይመስላል› አላት... እንዴት እንደ ኮራሁ! የወለድኳቸው እንኳ ፎቶ ላይ የት እንደምቆም አስበውልኝ አያውቁም። ፀሐይ እንዳይመታኝ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

የእማማ ደሪቱ ድምፅ እዚህ ላይ ትንሽ ሰለለ። ሳል አስመስለው አስተካከሉት።

«ቢሊሱማ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገና ‹አኮ፣ አያትዬ፣ ይቅርብኝ፤ አያቴ የተናቀችበት ቤት አማች አልሆንም› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አይቀምስም። ልጅቷም ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች፤ እሷ ምን አጠፋች፣ የኔ ወርቅ? እኔ ግን ተቆጣሁት። እንዴት ይቀራል? የሰው ልፋት ሜዳ ላይ ይቅር? እሑድ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ! ደግሞ ሰውዬው ደንግጦ መልሱ ቢጠፋበት ምን ያሳስበናል? ብሎኩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ ከየመስኮቱ የሚያስታውሰው አያጣም።»

ሰውዬው አሁን አጥቦ የጨረሰውን በር እንደገና ማጠብ ጀምሯል። እማማ ደሪቱ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ እጃቸውንም ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«በይ ልግባ። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሳይመረቅ አይታለፍም፤ አሜን በይልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ልጁን በወግ በማዕረግ ይዳርልን። የልጅ ልጅ በላይ በላዩ ያሳየው፤ ሴቱም ወንዱም መልካቸው ቁርጥ እኔን ይሁን፤ እሱም ከፍቅሩ ብዛት ፎቷቸውን ትልቅ አድርጎ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከፊት ለፊት፣ ይስቀልልኝ!»