ሳይሰረዝ የቀረው የሕፃን አልጋ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ አጣደፈኝና ካንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ደጃፍ ተጠለልኩ። ጥቂት እንደቆየሁ በሩ ተከፍቶ የቀድሞ ጎረቤቴ ብቅ አሉ። ለካ እኚህ ሰው የዚያ ድርጅት የትዕዛዝ ክፍል ኃላፊ ኖረዋል።

“መምህር! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ እንጂ፣ በስብሰው ሊሞቱ ነው?” ብለው እጄን ይዘው ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ።

ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ከፍታ ተቀምጣለች። የእህታቸው ልጅ ናት። የድርጅቱን የሽያጭና የክፍያ መጠየቂያ ሶፍትዌር የምትሠራው እሷ ስትሆን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አንድ ረዳት አዘጋጅታ አጎቷን ስታስፈቅድ ነበር የደረስኩት።

“እስቲ መምህር ይፍረዱን፤” አሉ ኃላፊው። “ይህች ልጅ ትዕዛዝ የሚሰርዝ ነገር ሠርቻለሁ ትለኛለች። ደንበኛው መልእክት ሲጽፍ እሱ አንብቦ፣ ትዕዛዙን ፈልጎ፣ ይሰርዛል አሉ። እኔ ደግሞ ሰውየው ራሱ መጥቶ ቅጹ ላይ ካልፈረመ አንድም ትዕዛዝ ሰርዤ አላውቅም።”

“ጋሼ፣ ዝም ብሎ አይሰርዝም እኮ፤” አለች ልጅቷ በትሕትና። “መጀመሪያ ‘የሚሰርዙት ይህን ነው ወይ?’ ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ ጭነቱን ያስቆማል፣ የክፍያ መጠየቂያውንም ይሽራል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳሰረዘ መዝግቦ ያስቀምጣል።”

“ቢሳሳትስ? የሙሽሮችን ቁም ሣጥን ሰርዞብኝ ሰርጉ ቢደርስ በምን ፊቴ ልቆም ነው?”

“የተጠራጠረውን ለእርስዎ ይልካል እንጂ አይነካውም።”

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ግን እዚህ ጠረጴዛዎ ላይ ታትመው የተቆለሉት የደንበኞች መልእክቶች ስንት ቀናቸው ነው? ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ለአንድ ፊርማ ሲል መምጣት አለበት?”

“ጥንቃቄ ነዋ! በእኔ ዘመን ያላግባብ የተሰረዘ ትዕዛዝ የለም።”

ይህ እውነታቸው ነበር። እኔም ሽበት ለሽበት ያደላልና በልቤ ለእሳቸው ፈረድኩ። ያላግባብ ሳይሰረዝ ስለቀረው ግን ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ የቆለፈ ጎልማሳ ገባ።

“የሕፃን አልጋ መልሼ አምጥቻለሁ፤ መኪናው ላይ ነው፤” አለ።

ኃላፊው እንደ ልማዳቸው መሳቢያቸውን ሳብ አደረጉ። “ለመመለሻ የሚሞላ ቅጽ አለ…”

“ባለፈው ማክሰኞ እንድትሰርዙልኝ ጽፌ ነበር። መጥተህ ፈርም አላችሁኝ። ሆስፒታል ነበርኩ፤ ከባለቤቴ አጠገብ መነሣት አልቻልኩም። ልጃችን አልተረፈችም።”

የመሳቢያው ድምፅ ቆመ።

“ትናንት ባለቤቴን ይዤ ቤት ስገባ አልጋው ተገጣጥሞ መኝታ ቤታችን ቆሟል። ቁልፍ የተውንለት ጎረቤታችን አልሰማም ነበርና፣ ደስ ብሎት ለሠራተኞቻችሁ ከፍቶላቸዋል። እሷ ካየችው ጊዜ ጀምሮ አልተናገረችም።”

ሰውየው ቢጮህ በቀለለን ነበር። አልጮኸም። አልጋውን አራግፎ፣ ደረሰኝም ሳይጠይቅ፣ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ኃላፊው ክምሩን አገላብጠው አንዲት ወረቀት መዘዙ። ሁለት መስመር ናት። የመጀመሪያው አልጋው እንዲሰረዝ ይለምናል፤ ሁለተኛው ምክንያቱን ይናገራል። ግርጌው ላይ በራሳቸው ቀይ እስክሪብቶ “በአካል ቀርበው ይፈርሙ” ተብሎ ተጽፏል።

“ሁለተኛውን መስመር አላነበብኩትም፤” አሉ። “መሰረዝ የሚለውን ሳይ እጄ በልማድ ጻፈ።”

ልጅቷ “ነግሬዎት ነበር” አላለችም። እንዲያውም፣ “ጋሼ፣ የእኔ ረዳትም ቢሆን አልጋውን ያስቀር ነበር እንጂ ሐዘናቸውን አይካፈልላቸውም፤” አለች።

“አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔ ግን ሁለቱንም አላደረግሁም።” ወረቀቷን ከክምሩ ለይተው አስቀመጡ። “ነገ ሥራ አስጀምሪው። መሰረዙን እሱ ይሥራ፤ ሰው ማነጋገሩን ለእኔ ተዪልኝ። ሞት፣ ሕመም የሚል ቃል ካለበት ጭነቱን አስቁሞ ወዲያው ይጥራኝ።”

ከጥቂት ወራት በኋላ ስጠይቃቸው የሥራውን ፍሬ ዘረዘሩልኝ። ደንበኛ በጻፈበት ሰዓት መልስ ያገኛል። መኪና በከንቱ አይመላለስም፤ ያልተፈለገ ዕቃ እንጨቱ ሳይቆረጥ ይቀራል። አንዲት ሴት “ነገ ቤት ስለማልኖር ተዉት” ብላ ጽፋ፣ ረዳቱ ተጠራጥሮ ወደ እሳቸው መራው። ቢደውሉላት፣ “ኧረ ለዘበኛው ተዉልኝ ማለቴ ነው!” አለቻቸው። ይህን ሲያወሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

“ታዲያ መልካም ሠርተዋል፤” አልኳቸው።

“ለሌላው አዎ። ለዚያ ሰው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።”

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥንቃቄ መልካም ነው። ወረቀት ጠብቆ ሰው የሚጥል ጥንቃቄ ግን ስንፍና ነው፤ በሚያምር ስም የተጠራ ስንፍና። አዲስ መሣሪያ ሲመጣም “ምን ያበላሽብኛል?” ብቻ ሳይሆን፣ “እስከ ዛሬ ሳላውቅ ያበላሸሁት ምንድን ነው?” ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጸጸት ይቀርልን ነበር።

ኃላፊው አልጋውን ወደ መለሰው ሰው ቤት ሁለት ጊዜ ሄደው በሩ አልተከፈተላቸውም። በሦስተኛው ባልየው ወጣና ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

“ምን አለዎት?” አልኳቸው።

“ይቅርታ ጠየቅሁት። ኋላ፣ ‘ስም አውጥተንላት ነበር’ አለኝ።” ዓይናቸውን ጠረጉ። “ስሟን ነገረኝ፣ መምህር።”

ስሟ ማን ነበር ብዬ አልጠየቅኋቸውም።