የሾፌሩ ልጅ ንባብ

ተሳፋሪዎች «ቀስ በቀስ» እያሉ የሚጠሩት የአውቶቡስ ሾፌር የልጁን አስተማሪ ያገኛት እንዳጋጣሚ ነው፤ መጥታ ከጀርባው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በልቡ ይዞት የሰነበተውን እዚያው ነገራት።

«ከሰኞ ጀምሮ እሙዬ ትምህርት ቤት አትመጣም። እኔን ወደ ገበያው መስመር አዛወሩኝ፤ እስካሁን በኔው አውቶቡስ ነበር የምትመላለሰው፤ አሁን የሚያደርሳት የሚመልሳት የለም።»

«ብቻዋን ትሳፈራ፣ ጋሼ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። «ምን ነካሽ ልጄ? የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁም? ይኸው ሀ ሁን እንኳ አልጨረሰችም።»

«አልጨረሰችም። እኛም በተራ ማስቆጠሩን ተውነው።»

«ጉድ ነው! ፊደል ሳይቆጥር ያነበበ ማን አለ? እኔ በአለንጋ ነው የለየሁት።»

«እርስዎስ ለዩ፤ እሷን ግን ብዛቱ ግራ አጋባት። ስለዚህ ከምትፈልገው ቃል ጀመርን፤ በትልቁ ጽፈን፣ አሸዋ ላይ በጣቷ እያስጻፍን፣ አንዱን ሳትይዝ ወደ ሌላው ሳናልፍ። የመረጠችው የአውቶቡስ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ነው። የሾፌር ልጅ አይደለች?»

«ይሄማ መልኩን መሸምደድ ነው።»

«መጀመሪያ አዎ። ኋላ ፊደሎቹን ነጥለን ሌላ ቃል እናሠራታለን። ትናንት ያላስተማርናትን ቃል አነበበች።»

«ብትጠፋብኝስ?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ለካ ያ ሁሉ ክርክር የፍርሃት መሸፈኛ ኖሯል። ልጅ ያለው ሰው አይፈርድበትም።

«ሰኞ ፌርማታው ላይ አብሬያት እቆማለሁ፤ ቃል አልተነፍስም። ካልቻለች ያስቀሯት።»

ሰኞ በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ሾፌሩ የገበያውን አውቶቡስ ይዞ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ፌርማታ ደረሰ። እሙዬ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች፤ አስተማሪዋ ራቅ ብላለች። በሩን ከፈተና ጠራት። «ነይ ግቢ የኔ ልጅ፤ ዞሬ አደርስሻለሁ።»

እሙዬ አባቷን አየች፤ ቀጥላ ቀና ብላ ሰሌዳውን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ገ... በ... ያ። አባዬ፣ ያንተ ገበያ ነው የሚሄደው። እኔ የቤታችንን ነው የምጠብቀው።» ብላ ለሌሎቹ መንገድ ለቀቀች።

«ልጁ እንኳ አልሳፈርም አለችው!» ብለው አንዲት እናት ሳቁ፤ አውቶቡሱም አብሮ ሳቀ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ ሾፌሩ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ደረቱ ግን ተነፍቷል። «አንብባ ነው እምቢ ያለችኝ! እኔ ሞኙ ትምህርቱ ለእሷ አይሆንም ብዬ ነበር፤ ለካ ትምህርቱ ነው በእሷ ልክ መሰፋት የነበረበት። ከእንግዲህ ሰው እጅ ላይ አትወድቅም፤ ነገ መድኃኒት ቢታዘዝላት ስሙን አንብባ ለይታ ትወስዳለች፣ መንገዷን ታውቃለች። እቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ ያስቀመጠ ካለ፣ ነገ ዛሬ ሳይል ትምህርት ቤት ይላከው።»

ከዚያ በሩን ዘጋና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጁን ፌርማታ ላይ ትቷት ሄደ።